ሞዞው የመሰከረበት መኪና፦ የአንድ አሮጌ ፎቶ ምርመራ ከአቃቂ

አቃቂ በሰቃ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ «የምኒልክ መኪና» እያለ ከአያት ለልጅ ልጅ ሲያስተላልፈው የኖረ ፎቶግራፍ አለ። መጠኑ ከመዳፍ አይበልጥም። ቀለሙ ወደ ቡኒ አዘንብሏል፤ አንዱን ጥግ የክረምት እርጥበት በልቶታል። ፎቶው ላይ ፈረስ ያልተጠመደበት ሰረገላ የሚመስል፣ ኮፈኑም ራዲያተሩም የማይታይ ተሽከርካሪ ቆሟል። ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ ባለ ባርኔጣ ሰው መሪ ጨብጧል፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

ፎቶው ለብዙ ዘመን ማንንም አላነጋገረም። ነገር የመጣው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ወሬ ሲሞላ ነው። የፎቶው ባለቤት የሆኑት የእማማ የልጅ ልጅ ቃሊቲ ከእኔ ጋራዥ አጠገብ መለዋወጫ ይሸጣል። ፎቶውን በስልኩ አንስቶ ለደንበኛ ሲያሳይ አንድ መኪና አስመጪ አየውና አሳድጎ ለኤግዚቢሽን ሊሰቅለው ጠየቀ። ከሥሩ የሚጻፈውንም አዘጋጅቶ ነው የመጣው፦ «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መኪና፤ አፄ ምኒልክ፤ 1898»። ልጁ ደስ ብሎታል፤ የቀረበውም ገንዘብ የሚናቅ አልነበረም። አያቱ ግን «ሰው ፊት የሚሰቀል ከሆነ አስቀድሞ ይጣራ» አሉ። የተጠራሁት ለዚህ ነው። ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ አሮጌ መኪና ከፎቶ መለየት ደግሞ የቆየ ሱሴ ነው።

የአስመጪው አንድ መስመር ሦስት ነገር አንድ ላይ ቋጥሯል። መኪናው በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር፤ ዘመኑ 1898 ነው። አንዱ እውነት ሆኖ ሌላው ልብ ወለድ ሊሆን ስለሚችል ቋጠሮውን ፈትቶ እያንዳንዱን ለብቻው መመርመር ያስፈልግ ነበር።

ልጁ ቀድሞ የስልክ ፍለጋ ሞክሮ ነበር። ስልኩ ያለ ምንም ማመንታት «ዲትሮይት ኤሌክትሪክ» አለው። እንዲህ ያለው ፍለጋ ደጋግሞ የሚመልሰው ኢንተርኔት ላይ ብዙ ፎቶ ያለውን መኪና ነው፤ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ደግሞ ከጥንት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሁሉ በብዛት የተረፈው ነው። ግን አይመስልም። ዲትሮይት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን፣ የሚታወቅበት መልኩ በመስታወት የተዘጋ ቤት ያለው፣ በመሪ ፋንታ በረጅም የእጅ ዘንግ የሚታጠፍ መኪና ነው። በእኛ ፎቶ ላይ ያለው ክፍት ነው፤ ሹፌሩም የጨበጠው ክብ መሪ ነው።

ዋናውን ሳላይ አልናገርም ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። እማማ ፎቶውን ከሳጥን አውጥተው በነጠላ ቁራጭ እንደተጠቀለለ ሰጡኝ። «እጅህን ታጥበሃል?» አሉኝ መጀመሪያ። ታጥቤ ነበር። ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት መስኮት አጠገብ ወስጄ በማጉያ መነጽር አየሁት። ከጋዜጣና ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል በማጉያ ሲታይ በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሞላ ነው። እዚህ ነጥብ የለም፤ ጥላው ሳይቆራረጥ ከጨለማ ወደ ብርሃን ይፈሳል። ስለዚህ ከኔጋቲቭ በቀጥታ የታተመ እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስልኩ ያደበዘዘው ዝርዝር ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ ማለት ነው።

መኪናው የኤሌክትሪክ ነው የሚሉት ሰዎች ማስረጃ አንድ ብቻ ነበር፤ ፊቱ ላይ ራዲያተር የለም። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በዚያ ዘመን ሞተሩን ከመቀመጫ ሥር የሚደብቅ የቤንዚን መኪና ሞልቷል፤ የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ፊቱ እንደ በረዶ መንሸራተቻ የታጠፈ ጣውላ ብቻ ነበር። የጥንት ሬኖዎች ደግሞ ራዲያተራቸው ከሞተሩ ኋላ ስለነበር ከፊት ሲታዩ ባዶ ይመስላሉ። የእንፋሎት መኪናም ነበር። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,681 በእንፋሎት፣ 1,575 በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ፤ ቤንዚን 936 ብቻ ይዞ መጨረሻ ላይ ነበር። ስለዚህ «የኤሌክትሪክ መኪና በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠራጠርም፣ «ራዲያተር የለውም፣ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ነው» ብሎ መቸኮልም ሁለቱም አያዋጡም።

ዓይኔን የያዘው ጎማው ነው።

ከአራቱ ጎማዎች ሁለቱ በግልጽ ይታያሉ። የአንደኛው እምብርት፣ በጋራዥ ቋንቋ ሞዞው፣ እንደማንኛውም የሰረገላ ጎማ ትንሽ ነው፤ እንጨቶቹም ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው። የሌላኛው ሞዞ ግን ያበጠ፣ ዙሪያው የተዘጋ ድፍን ከበሮ ነው። በማስመሪያ ስለካው ከጎማው ስፋት ሲሶውን አልፎ ወደ ግማሹ ይጠጋል። ከከበሮው ዳር እስከ ጎማው ቀለበት የሚዘረጉት እንጨቶች አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው። ልጁ ከትከሻዬ በላይ እያየ «ይሄማ የፍሬን ታምቡር ነው፤ የኋላ ጎማ ነው» አለ። የመለዋወጫ ሰው ነውና ግምቱ ተራ አልነበረም። ያ ከሆነ መኪናው ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ነው የሚያየው፤ የቀረውም ትንታኔ ሁሉ ይገለበጣል።

እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ የመኪናው ፊትና ኋላ የቱ እንደሆነ መለየት ከሚመስለው ይከብዳል፤ ሰረገላ ሠሪዎች የሠሩት አካል ከሁለቱም ወገን ይመሳሰላልና። ተሳፋሪዎቹም ፊታቸውን ወደ ካሜራው ስላዞሩ አይረዱም። የረዳን የጎማው ቅርጽ ነው። ትንሽ ሞዞ ያለው ጎማ ፍጹም ክብ ነው፤ ወፍራሙ ግን በወርድ ትንሽ ጠበብ ብሎ ሞላላ ሆኗል። ሁለቱም አንድ ጎን ላይ ያሉ፣ ከአንድ ካሜራ የታዩ ጎማዎች ስለሆኑ፣ ልዩነቱ ሊመጣ የሚችለው ወፍራሙ በመሪ ስለታጠፈ ነው። ሹፌሩ መኪናውን ሲያቆም መሪውን ቀጥ አላደረገም። የሚታጠፈው ደግሞ የፊት ጎማ ነው። የመሪው ዘንግም ሲታይ የሚያዘነብለው ወደዚያው ወገን ነው።

ወፍራሙ ሞዞ የፊት ጎማ ላይ ነው ከተባለ የፍሬኑ ጉዳይ እዚያው ያበቃል። የዚያ ዘመን መኪኖች ፍሬን የሚይዙት ከኋላ ነበር፤ የፊት ጎማ ፍሬን የተለመደው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ታዲያ በሚታጠፍ የፊት ጎማ ውስጥ ያን ያህል ቦታ የሚይዝ ምን አለ?

ልጁን ወደ ግቢው አወጣሁት። ጎረቤት የቆመ ባለ ሁለት ጎማ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ነበር። የኋላ ጎማውን አሳየሁት፤ ወፍራም ድፍን ሞዞ፣ ካቴና የለው፣ ካምቢዮ የለው፣ ከዘንጉ ጫፍ ወደ ውስጥ የሚገባ ኬብል ብቻ። ሞተሩ ራሱ ሞዞው ውስጥ ነው። ተመልሰን ፎቶውን ስናይ፣ ከፊት ጎማው ዘንግ ውስጠኛ ወገን ተነስቶ እየተቆለመመ ወደ መኪናው ሆድ የሚገባ ጥቁር መስመር አገኘን። ልጁ ከዚያ በኋላ ስለ ታምቡር አላነሳም።

ጎማ ውስጥ ሞተር ያስገባ የዚያ ዘመን መኪና ማን ሠራ? ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የቪየናው የሎነር የሰረገላ ፋብሪካ ነው። ወጣቱ ፈርዲናንድ ፖርሽ እዚያ ሲሠራ ያዘጋጀው መኪና፣ ሎነር-ፖርሽ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ታየ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው በሞዟቸው ውስጥ 2.5 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚያወጣ ሞተር ነበራቸው፤ በደቂቃ 120 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ማርሽ አላስፈለገውም። እንደ ዛሬው ብዙ ሞተር ከመሐል ያለው አይደለም የሚዞረው፤ መሐሉ ቆሞ ዳሩ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ቤንዚን የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ካምቢዮ የለ። 80 ቮልት የሚሰጥ ባለ 44 ሴል የእርሳስ ባትሪ ከአካሉ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ክብደቱ 410 ኪሎ፣ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት 980 ኪሎ ነው። አንዴ ተሞልቶ 50 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። በኋላ ላይ ከተሻሻሉት ጋር ተደምረው የተሠሩት ወደ 300 ገደማ ናቸው፤ ፎቶውን ያልተለመደ የሚያደርገውም ይኸው ቁጥር ነው።

ተቀናቃኞቹን ሳያስወጡ ስም መስጠት ግን ደንብ አይደለም። ከባዱ ተቀናቃኝ የፓሪሱ ክሪዬዤ ነው። እሱም በፊት ጎማ የሚነዳ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ለእያንዳንዱ የፊት ጎማም አንድ ሞተር አለው። ልዩነቱ የሞተሩ ቦታ ላይ ነው። በክሪዬዤ ሞተሩ ከጎማው ውጪ፣ አጠገቡ ተንጠልጥሎ ጎማውን በጥርስ ያዞራል፤ ስለዚህ ሞዞው ትንሽ ሆኖ ከጎማው ጀርባ ሌላ ድቡልቡል ነገር መታየት አለበት። በእኛ ፎቶ ላይ ከጎማው ጀርባ የሚታየው ባዶ ቦታና ባሌስትራ ነው። ሎነር ራሱ ቤንዚን ሞተርና ዲናሞ የጫነበት ድቅል መኪናም ሠርቷል፤ ያኛው ግን ለሞተሩ ከፊት ኮፈን ያስፈልገዋል፤ እዚህ ኮፈን የለም።

ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ዘመኑ ነው፤ እዚህ ላይ የአስመጪው «1898» ጣልቃ ገባ። ቁጥሩ የአውሮፓ ከሆነ ሎነር-ፖርሽ ገና አልተወለደም። እንዲያውም በዚያው ዓመት ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ሌላ የኤሌክትሪክ መኪና አለ፤ ኤገር-ሎነር የሚባለው። ዓመቱን ብቻ ያየ ሰው በቀላሉ ስሙን ለእሱ ይሰጣል። ነገር ግን ኤገር-ሎነር ሞተሩ ከኋላ ሆኖ የኋላ ጎማዎችን ነበር የሚነዳው፤ የፊት ሞዞው እንደ ማንኛውም ሰረገላ ነው። ጎማው አንድ ነገር ይላል፣ ዓመቱ ሌላ። ስለዚህ ዓመቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነበረብኝ።

«እማማ፣ 1898 የሚለውን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ ከጀርባው ተጽፎ የለም?»

ልጁ ለሰው ሁሉ ሲልክ የነበረው ፊቱን ብቻ ነው። ገለበጥነው። በደበዘዘ እርሳስ፣ ቀጥ ባለ የቆየ የእጅ ጽሕፈት «ከፈረንጅ አገር የመጣ፤ ፲፰፻፺፰ ዓ.ም.» ይላል። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ፣ ዓመተ ምሕረት የተባለ ቀን የእኛ አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1905 እስከ መስከረም 1906 ያለው ዓመት መሆኑ ነው። አስመጪው ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ወደ አውሮፓ አዙሮት ነበር፤ ፎቶው በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አረጀ። በእኛ ሲቆጠር ግን ጎማውና ዓመቱ ይታረቃሉ።

ከእርሳሱ ጽሕፈት በታች ደግሞ የታተመ ነገር አለ። ወረቀቱ ፖስት ካርድ ነው። ከላይ በላቲን ፊደል «ኮረስፖንደንስ-ካርተ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ይህ የኦስትሪያ ፖስታ እ.ኤ.አ. በ1869 የዓለምን የመጀመሪያ ፖስት ካርድ ሲያወጣ የሰጠው ስም ነው፤ ጀርመኖች ከ1872 ጀምሮ ሌላ ስም ነበር የሚያትሙት። ጀርባው ደግሞ በመስመር ለሁለት አልተከፈለም። በጥንቱ ደንብ የፖስት ካርድ ጀርባ ለአድራሻ ብቻ ነበር፤ መልእክትና አድራሻ ጎን ለጎን እንዲጻፍ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1907 ፈቀዱ። ያልተከፈለ ጀርባ ካርዱ የታተመው ከዚያ ለውጥ በፊት ወይም በዙሪያው መሆኑን ያሳያል። ቴምብርም ማኅተምም የለበትም፤ በእጅ ወይም በፖስታ ውስጥ ተደርጎ ነው የመጣው።

ስለዚህ የቪየና መኪና፣ በኦስትሪያ ካርድ ላይ፣ ዘመኑም የሚስማማ። የቀረው «ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር» የሚለው ነው፤ ለቤተሰቡም ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር።

ችግሩ ያለው ጽሕፈቱ ላይ ነው። «ከፈረንጅ አገር የመጣ» ይላል፤ ምኑ? ቤተሰቡ ለሦስት ትውልድ መኪናው ብሎ አንብቦታል። እኔ ፎቶው ብዬ አነበብኩት፤ ምክንያቴ ሰዋስው አይደለም፣ መሬቱ ነው። ተሽከርካሪው የቆመው በተጠረበ ድንጋይ በተነጠፈ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ከፊት ለፊቱ በንጣፉ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት የከተማ ባቡር ሐዲዶች ያልፋሉ። አዲስ አበባ በመንገዷ ላይ የከተማ ባቡር ያየችው በ2008 ዓ.ም. ነው።

መሬቱን ትተን ጉዞውን ብናስብም አይሆንም። በ1898 ዓ.ም. የጂቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ከ450 ኪሎሜትር በላይ መንገድ በየ50 ኪሎሜትሩ ቻርጅ የሚፈልግ መኪና የሚያልፍበት አልነበረም። መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው መኪና፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጂቡቲ እየነዳ ያመጣው ሲድሊ፣ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1907 ማብቂያና በ1908 መግቢያ አካባቢ ነው፤ እሱም በቤንዚን የሚሄድ ነው። የጀርመኑ ሆልትስ ናኬ የተባለ መኪናውን ይዞ ብዙም ሳይቆይ ተከተለው። የእርሳሱ ጽሕፈት ከሁለቱም ይቀድማል። ኃይሉስ ከየት ይመጣ ነበር? በቤተ መንግሥት ከነበረው ጄኔሬተር በቀር በከተማው መብራት አልነበረም። ከእማማ ቤት ደቡብ ያለው የአባ ሳሙኤል የውሃ ኃይል ማመንጫ እንኳ ሥራ የጀመረው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

እማማን ይህን ስነግራቸው ተቆጡ ማለት አልችልም፤ ግን ዝም ብለው አልተቀበሉኝም። «አባቴ እኮ ምኒልክ ጋ ነበር ይል ነበር» አሉ። እኔም ፎቶው ምኒልክ ዘንድ አልነበረም አላልኩም። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ መልእክተኛ ሉድቪግ ፎን ሆህኔል አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1905 ነው፤ ጽሕፈቱ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን የቪየና ሥዕል እዚህ መድረሱ የሚገርም አይደለም። መግለጫው ላይ ግን አላስገባነውም፤ በዘመን መገጣጠም ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

በመጨረሻ የተስማማንበት ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ሎነር-ፖርሽ የኤሌክትሪክ መኪና፤ ቪየና የተሠራ፤ ሞተሮቹ በፊት ጎማዎቹ ሞዞ ውስጥ ናቸው። ፎቶው በአውሮፓ የተነሣ፤ በ1898 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣ፤ የአቃቂ ቤተሰብ ንብረት»። እማማ «የአቃቂ ቤተሰብ» የሚለው እንዲገባ ያስገደዱት ራሳቸው ናቸው።

አስመጪው አልወደደውም። «ቪየና» የሚለውን ቀንሰን «በ1898 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣ» የሚለውን ብቻ እንድናስቀርለት ጠየቀ። እንዲህ ከተቆረጠ የመጣው መኪናው ነው ማለት ይሆናል፤ ያው የድሮው ወሬ በአዲስ ልብስ። ልጁ ገንዘቡን አስቦ ትንሽ አመነታ፤ አያቱ ግን አላመነቱም። ኤግዚቢሽኑ ያለ ፎቶው ተካሄደ።

አሁን ልጁ ፊቱንም ጀርባውንም በደንብ ስካን አድርጎ አስቀምጧል፤ ፎቶ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚልከው። ዋናውን ደግሞ ከነጠላው አውጥተን፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለን፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አኖርነው። የአቃቂ ወንዝ በክረምት ሞልቶ እርጥበቱ ግድግዳው ድረስ ስለሚወጣ ሳጥኑ ያለበት ቦታ አይመችም ነበር።